ምንም የማትጭን መኪና

ጭሮ ውስጥ የመኪናው ሞላ የደከመበት ሰው ወደ በድሪ ይሄዳል። ከገለምሶ ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ይሁን ከበደሳ ቡና የሚያመጣ ፒክአፕ፣ ለበድሪ ሁሉም አንድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፋብሪካ ቁጥር አምኖ አያውቅም። የራሱ መለኪያ አለው። ሞላውን መሬት ላይ ያቆምና ከላዩ የጠጠር ከረጢቶች ይደረድርበታል። እያንዳንዱ ከረጢት አንድ ፈረሱላ ነው፣ አሥራ ሰባት ኪሎ። ከዚያ ጣቱን አግድም አድርጎ ሞላው ስንት እንደወረደ ያያል። "ይሄ በጣት ሁለት ነው" ካለ፣ ሁለት ፈረሱላ ሲጫነው አንድ ጣት ይወርዳል ማለት ነው። "በጣት አራት ነው" ካለ ደግሞ ድርቅ ያለ፣ ሸክም የሚችል ነው። በዚህ አለካክ የገጠመው ሞላ ከድቶት አያውቅም።

ታዲያ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሚጭን ነው። ኢዛናንም እንደዚያው ጠየቀው።

ኢዛና የጎረቤቱ የመዓዛ ልጅ ነው፤ በሥራ ቀን ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይመታል፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ለዚያች መኪና ሰጥቷል። ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት የእሽቅድምድም መኪና ናት። ታርጋ የላትም፣ መንገድ ላይ አትወጣም፣ የምትነዳው በታጠረ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሆና ነው በድሪ ግቢ የደረሰችው።

"ሆማ" አለ ኢዛና። "ምንም አትጭንም ጋሽ በድሪ።"

"ሰውስ?"

"እኔን ብቻ። እንድትቀል ብዬ የጎኑን ወንበር ሳይቀር ነቅዬ ጣልኩት።"

"ምንም ካልጫነች ለምን ትሄዳለች አቦ?"

"ለመቅደም ነዋ።"

"ማንን?"

ኢዛና ሳቀ። በድሪ ግን የምሩን ነበር። ለሸክም እንጂ ለባዶነት ሞላ መርጦ አያውቅም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ መዓዛ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች። ባለፈው ሳምንት ልጇ የከብት ገበያው ሜዳ ላይ ሲለማመድ አይታለች። ወደ ግራ ሲታጠፍ መኪናዋ ወደ ቀኝ ተጋድማ፣ ሁለቱ የግራ ጎማዎች ከመሬት ተነስተው አየር ላይ ዞረዋል። ውድድሩ አዳማ ላይ ነው፣ ለመጪው ቅዳሜ።

"ጋሽ በድሪ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አለች። "እንዳትገለበጥ አርጉልኝ፣ ካልሆነም ሰባብሯት። የሚቀየመኝ ከሆነ ይቀየመኝ።"

"አስተካክላታለሁ" አለ በድሪ። ቃል ወጣው።

ኢዛና ድርቅ ያለ ሞላ ፈልጎ ነበር። በድሪ አይሆንም አለ። ሞላ ሲደርቅ ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ ይዘላል፣ ሲለሰልስ ደግሞ መኪናው ይጋደማል፤ መሃሉን ማግኘት ነው ጥበቡ። አራቱንም በጣት ሁለት ገጠመና በጣቱ ዙሪያዋን ለካ። ቀጥ ያለች ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ቀኟ ወርዶ አገኘው። ከፊት አንድ ጣት፣ ከኋላ አንድ ጣት።

ግቢው ዘመም ያለ ነው ብሎ መኪናዋን አዙሮ አቆማት። ቀኟ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። የጎማዎቹን ነፋስ ለካ፣ እኩል ነው። የቀኙን ሞላ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረ። ቀኝ ነው የወረደው። በመጨረሻ ለሙከራ በቀኝ በኩል በጣት አራት የሆኑ ሁለት ሞላዎች ገጠመ። የደከመ ሞላ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይድን ነበር። አሁንም ግን ከፊትም ከኋላም ግማሽ ጣት፣ ግማሽ ጣት ወረደች።

በድሪ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ቀላል ባይሆን ይሻለው ነበር። በጣት ሁለት ሲሆን አንድ ጣት፣ በጣት አራት ሲሆን ግማሽ ጣት። በየትኛውም መንገድ ቢቆጠር ፊት ሁለት ፈረሱላ፣ ኋላ ሁለት ፈረሱላ ነው። ሞላ አይዋሽም። ወንበሩ በተነቀለበት ቦታ ላይ አራት ፈረሱላ የሚመዝን ነገር አለ። አራት ፈረሱላ ደግሞ የአንድ ሰው ክብደት ነው።

"ውስጥ ያስቀመጥከው ነገር አለ?" ሲል ኢዛናን ጠየቀው።

"ምን አስቀምጣለሁ? ይኸው ይታያል እኮ።"

እውነትም ይታያል። ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ አራት የብሎን ቀዳዳ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ሳለ፣ በድሪ ጫማውን አውልቆ "ቢስሚላህ" አለና በቀኝ በር ገባ። ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠ። እሱም ጫት መመዘኛው ላይ ሲቆም አራት ፈረሱላ ነው፤ ሌላ ግማሽ ጣት ልትወርድ ይገባታል። ኢዛና ውጭ ተንበርክኮ ጣቱን ከጎማው በላይ ደግኗል።

"ይግቡ በቃ ጋሽ በድሪ።"

"ገብቻለሁ። ተቀምጫለሁ።"

ኢዛና ጣቱን መልሶ አስገባ፣ እንደገና ለካ።

"አልወረደችም" አለ ቀስ ብሎ። "ፀጉር ታህል አልወረደችም።"

መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ በግቢው ዳስ ጥላ ሥር ነበረች። ቆርቆሮው ግን ከበድሪ ሥር ሞቅ ብሏል፣ ሰው አሁን የተነሳበት መቀመጫ እንደሚሞቅ። መፍራቱን ፈርቷል። ነገር ግን መዓዛን አሰበ፤ ከቅዳሜ በፊት ያለውን ቀን ቆጠረ። ይህ ነገር እዚህ ተቀምጦ እያለ የትኛውም ሞላ ልጁን አያተርፈውም።

አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዳ እንደሚያስነሳ ሰው በለሰለሰ ድምፅ "ኮቱ" አለ። ና ማለት ነው። "ና፣ ከኔ ጋር እንውረድ። ይሄ ልጅ ብቻውን ነው የሚሄደው።"

ከዚያ ወረደ።

ሞላዎቹ ሲነሱ ሁለቱም ሰሟቸው። የወረደው ሁሉ ቀጥ አለ። ኢዛና ጣቱን መለሰና ቀኝና ግራውን ለካ፤ እኩል ነበር። በድሪ የቀኞቹን ደረቅ ሞላዎች አውልቆ በጣት ሁለቶቹን መለሰ።

ሐሙስ ጠዋት የከብት ገበያው ሜዳ ባዶ ነበር። ኢዛና ለመለማመጃ የደረደራቸውን በርሜሎች ዞረ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ ያንን የግራ መታጠፊያ ሁለቴ ሦስቴ አጠፈው። አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ነበሩ። ሲወርድ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

"ቀለለች ጋሽ በድሪ። ሌላ መኪና ሆነች።"

መዓዛ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ወደ በድሪ መጣችና እጁን ያዘች። ያዘችና ቶሎ ለቀቀችው፤ ለምን እንደለቀቀችው እሷም የገባት አይመስልም።

በድሪ ለመሄድ ባጃጅ ጠራ። ሾፌሩ ዓሊዩ የቆየ ወዳጁ ነው። ዳገቱን ሲጀምሩ ባጃጇ ተጨነቀች፣ ዓሊዩ ወደ አንደኛ ማርሽ መለሰና በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

"ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ዓሊዩ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ ጥቂት ነዳ። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለሰ። በድሪ ከኋላ ወንበሩ ጫፍ ተጠግቶ ተቀምጧል፤ የቀረውን ቦታ ለቅቋል።