ኑክሄትና የሰጠመችው ነጥብ

ኑክሄት ጋዜጣ የምትይዘው ገልብጣ ነው። ሲገለበጥ ቃሉ ትርጉሙን ያጣና ፊደሎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ የትኞቹ እንደተጨናነቁ፣ የትኞቹ እንደተኮራረፉ ያን ጊዜ ፍንትው ብሎ ይታያታል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል በእጁ እየለቀመ የሚደረድር ሰው ነበር። የእሷ ሥራ በኮምፒውተር ነው። አሳታሚዎች በሚበዙበት በጃአሎሉ ሰፈር፣ በአንድ አሳታሚ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ስታጠብና ስታሰፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት።

አንድ የካቲት ከባሕሩ ማዶ፣ ከኡስኩዳር ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ፈርሁንዴ የምትባል የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ አሳታሚ ቤቱ ባወጣው የማንበቢያ መጽሐፍ ላይ ዝሆኑን «ፊል» በማለት ፈንታ «ፍል»፣ ስኒውን «ፊንጃን» በማለት ፈንታ «ፍንጃን» እንደሚሉ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የራሷ መስሏት እንደነበር ገልጻለች።

ኑክሄት መጽሐፉን ገና ስትገልጠው ገባት። በላቲን ፊደል በሚጻፈው ቱርክኛ ኢ ነጥብ አላት፤ እ ደግሞ ያችው ቅርጽ ሆና ነጥብ የላትም። ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ፣ የሠሩት ሰዎች ግን ቱርክኛ አያውቁም። ኤፍና ኢ ጎን ለጎን ሲመጡ ለውበት ብለው አጣብቀዋቸዋል፤ የኢ ነጥብም በኤፍ ቆልማማ ራስ ውስጥ ሰጥማ ቀርታለች።

የአሳታሚ ቤቱ ባለቤት አቶ ሩችሃን፣ በአገሩ አጠራር ሩችሃን ቤይ፣ ነገሩን አቀለለው። የተጣበቁትን አላቅቆ ኢን ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም አላት። እንዳላት አደረገችና አትማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ቃሉ ጥርሱ የወለቀ አፍ መስሏል።

«ልጅ ይህን ሲያይ ሁለት ቃል ነው የሚለው» አለችው።

«ኑክሄት ሀኒም፣ እንደ እርስዎ ዓይን ያለው አንባቢ የት ይገኛል?»

«ማንበብ የሚማር ሕፃን ሁሉ አለው። እኛ ቃሉን ስለምናውቀው እናልፈዋለን። እነሱ የሚያዩት ፊደሉን ነው።»

ሩችሃን ቤይ ወረቀቱን ደግሞ አየና እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ ሰጣት።

የኤፍን ቆልማማ ራስ አሳጥራ እንደገና ሣለች። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል ከየጎረቤቱ ጋር እያጣመረች፣ በፀጉር ስፋት እያቀረበችና እያራቀች፣ ገጹን እያተመች ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ከክፍሉ ማዶ ቆማ ታያለች፣ ተመልሳ ታርማለች። ጎኗ የሚሠራውና እንደ ታላቅ እህቱ «አብላ» የሚላት ቱንጃይ «ኑክሄት አብላ፣ ግድግዳው ማንበብ ቻለ እኮ!» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ አትስቅም፣ አትቆጣምም።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ መኪና በሚገባበት ዕለት ገጾቹን ይዛ በጀልባ ኡስኩዳር ተሻገረች። ማንም አላዘዛትም። ፈርሁንዴ ከክፍሉ ተማሪዎች እልግን የምትባል ልጅ አስነሳች። እልግን «ፊል» አለች፣ «ፊንጃን» አለች፤ አስተማሪዋ ፊቷ በራ። የዳቦ ቤቱ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ስትደርስ ግን «ፍርን» የሚለውን «ፍንን» ብላ አነበበችና ራሷ ግራ ገብቷት ቀና አለች።

ኑክሄት ጎንበስ ብላ አየችው። አርንና ነጥብ የሌላትን እ ከመጠን በላይ አቀራርባቸው ኖሮ ሁለቱ ተጋጥመው ኤን መስለዋል። ያን ሁሉ ሳምንት ግድግዳው ላይ ስታየው አልታያትም። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለቻት ልጅቷን። «አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው።»

ከጀልባው ወደብ ሆና ሩችሃን ቤይ ጋ ደወለችና የማተሚያ መኪናው እንዲቆም ለመነችው። እሱ ማንም ሳያውቅባት ልታልፈው ስትችል በራሷ ላይ የምትመሰክር ሠራተኛ አይቶ አያውቅም።

«ስንት ቀን?» አላት።

«አራት።»

አስቆመላት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጨረሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን ግድግዳውን አላመነችም፤ ገጾቹን የቱንጃይ የሰባት ዓመት ልጅ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብላ አነበበችላት።

መጽሐፉ መስከረም ላይ ወጣ፤ ስሟ የትም ገጽ ላይ የለም። ኅዳር ላይ ከፈርሁንዴ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። የጥራዙ ሙጫ እየለቀቀ ገጾቹ እየወለቁ ነው ትላለች። ሩችሃን ቤይ ተናደደ። ኑክሄት ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስለ ፊደል አንዲት ቃል የለበትም። አጥፋ ኪሷ ከተተችና የጥራዙን ጉድለት ለጠራዡ ልትነግር ወደ ምድር ቤት ወረደች። ራሷን እንዳልማረች እሱንም አልማረችውም።