መርዶ የሸሸው የእንግሊዝኛ መምህር

አምቦ ላይ መምህር ጉደታ እንግሊዝኛ ያላስተማረው ሰው ጥቂት ነው። ከተማሪዎቹ ሌላውን ሁሉ የረሳ እንኳ ስለ «የለም» ያስተማረውን አይረሳም። እኛ በአንድ «የለም» እንገላገላለን፣ እንግሊዝ ግን ለእያንዳንዱ የለም ልክክ ያለ ቃል ሰፍቶለታል ይል ነበር። ክፍል ያልመጣ ተማሪ አብሰንት ነው፤ ነገ ይመጣል፣ ይገረፋልም። ከኪስ ወድቆ የቀረ ብዕር ሎስት ነው። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ደግሞ አንአቬይለብል ነው፤ አለ፣ ግን ለእናንተ አይደለም። ተማሪው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ጎረቤት ክፍል ጂኦግራፊ እያስተማርኩ ሳቁን ስሰማ፣ ይህን ሰው ምላሱ አንድ ቀን ያሳስረዋል እያልኩ እሰጋ ነበር። ሚሲንግን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። የፊት ጥርሱ የጎደለ ልጅ ያስነሳና፣ መኖር ሲገባው ከቦታው የታጣ ነገር ሁሉ ሚሲንግ ነው፣ ስለዚህ ይፈለጋል፣ ይጠበቃል ይላል።

አንድ ልጅ ነበረው፣ ኤጄታ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ኤጄታ ግን በቁሙም የተመሰገነ ልጅ ነበር። በ1980 አክስቱን ሊያግዝ እጃጂ ገበያ ሄዶ ታፈሰ። ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ የጎደላቸው ሰዎች የገበያውን መውጫ ዘግተው፣ ዕድሜው የደረሰውንም ያልደረሰውንም መኪና ላይ ጫኑት። ጉደታ ሰምቶ እስኪደርስ መኪናው ሄዷል። ከሰሜን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ።

በዓመቱ አብሮት የታፈሰው ባይሳ አንድ እግሩን ትቶ በክራንች ተመለሰ። የኤጄታ ወላጆች ቤት አልሄደም፤ ወጉን ያውቃል። ለእድራችን ዳኛ ለኦቦ ዳዲ ነገራቸው። ኤጄታን በገዛ እጁ አፈር አልብሶታል።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ። እናቱን ድንቅቱን እንዲይዛት አባቱ ቀድሞ ይስማ ተባለና በማለዳ ጋቢያችንን ተከናንበን ደጁ ቆምን። ጉደታ ሊታጠብ ሲወጣ እኛን አየ። በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። የውሃውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠና በጓሮ አጥር ዘሎ ሄደ። በማግስቱም ሄድን፤ ገና በጨለማ ወጥቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሳለ ነግቶበት አያውቅም።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻውን ሳገኘው አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ምንም አልሰማሁም» አለኝ። «እስካልሰማሁ ድረስ ልጄ ሚሲንግ ነው። ለድንቅቱ የነገረ ሰው ከእኔ ጋር ተቆራረጠ።»

ተናደድኩበት። ለስኳር የሠራ ቀልድ ለልጅ ሞት መሸሸጊያ አይሆንም ልለው ፈለግሁ፣ ዓይኑን ሳይ ግን አልቻልኩም። ኦቦ ዳዲም አባት ያልሰማውን እናት ጆሮ ማድረስ ነውር ነው አሉ። ስለዚህ ከተማው በሙሉ እያወቀ ዝም አለ። ሴቶቹ ገበያ ላይ ድንቅቱ ስትመጣ ወሬ ይለውጣሉ። እሷ በየበዓሉ የልጇን ድርሻ ሥጋ ቋንጣ አድርጋ ትሰቅላለች። ጉደታ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ቀና ብሎ አያይም። ተማሪ ፊት መሳቅም መቆጣትም ተወ፤ ጠመኔ ይዞ የሚቆም ሬሳ ሆነ።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ በነቀምቴ መንገድ በእግሩ ወደየአገሩ ይጎርፍ ጀመር። ድንቅቱ ውሃና ቆሎ ይዛ መንገድ ዳር ዋለች። የእያንዳንዱን እግር ታጥባለች፣ ስለ አንድ ረጅም ልጅ ትጠይቃለች። ጉደታ አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ አያት። ከዚያ ኦቦ ዳዲ ቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። «ንገሯት» አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እሱ ራሱ መካከላችን ሆኖ ገባን። ኦቦ ዳዲ አንድም ሳይደብቁ ነገሯት። የምትወድቅ መስሎን ሴቶቹ ተጠጉ። አልወደቀችም፤ የእያንዳንዳችንን ፊት ተራ በተራ አየች።

«ላኪ፣ አይሆንም ኦቦ ዳዲ» አለች። «ከሞተ ቆይቷል ነው የምትሉኝ። አምና የጎረቤታችን የጌጤነሽ ልጅ ሲሞት አብረን ተቀምጠን አልቅሰናል። ያኔ የእኔን አውቃችሁ ዝም አላችሁኝ? እናንተ እንደዚያ ያላችሁ ክፉ ሰዎች አይደላችሁም።»

ጉደታ እግሯ ላይ ወድቆ፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው፣ እባክሽ እመኚኝ እያለ ለመናት። ክፉኛ ደክሞሃል ብላ ከመሬት አነሳችው፣ ጋቢውን አስተካከለችለት፣ ውሃዋን ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች።

ድንኳኑን ያለ እናት ተከልን። ጉደታ ውስጡ ተቀምጦ ሁለት ዓመት የቋጠረውን እንባ አፈሰሰው። ለቀስተኛው ከዋናው መንገድ ስለሚመጣ በድንቅቱ አጠገብ ማለፍ ግድ ነበረበት። እሷም ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሁሉ በሐዘኔታ እያስቆመች፣ ማን ሞቶ ነው ብላ ትጠይቅ ነበር።