ካርድ የማይሠራበት ሳምንት

ሐይቁ ዳር ያለውን ሆቴል ከባለቤቱ ይልቅ የምታውቀው እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች። ሥራ የገባችው በልጅነቷ ነው፤ አግብታ የወለደችውም፣ ባሏን የቀበረችውም እዚያው እየሠራች ነው። ክፉ ቀን ብዙ አይታለች። የዚህ ሳምንት ዝምታ ግን አላማራትም።

ሰኞ ባንኮቹ "ሲስተም የለም" ብለው በራቸውን ዘጉ። የካርድ ማሽኑም ወዲያው ጸጥ አለ። ምሳ ታዞ እስኪቀርብ ድረስ ዋጋው ይጨምር ጀመር። ወጥ ሠሪው "ቶሎ ዋጡት፣ ሆድ ከገባ በኋላ አይወደድም" እያለ ያሾፍ ነበር። ዘይት ፍለጋ ወጥቶ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ከተመለሰ ወዲህ ግን እሱም ቀልዱን ተወ።

ፎቅ ላይ ለዕረፍት የመጡ የውጭ አገር ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየው በየጠዋቱ ካርዱን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ይወርዳል።

"ዛሬስ?"

"ዛሬም እንቢ ብሏል፣ አባባ።"

የያዙት ጥሬ ገንዘብ እየተመናመነ ነው። የሆቴሉ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ሰው፣ ከውጭ ገንዘብ በቀር አትቀበሉ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ብቅ እያለ መሳቢያውን ጠርጎ ይሄዳል። "ለጄኔሬተር ነዳጅ ነው" ይላል። ጄኔሬተሩ ግን አንድም ቀን ሲነሳ አልተሰማም።

አንድ ጠዋት የሽማግሌው ሚስት የተጣጠፈ የውጭ ገንዘብ ኖት ለእንግዳ ተቀባይዋ አስጨበጠቻት። "የመጨረሻዋ ናት። ለልጅሽ መድኃኒት ትሁንሽ፣ ለጋሼ እንዳትሰጪ።"

የእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አስም አለባት፤ ፋርማሲው ደግሞ በአገሩ ብር መሸጥ ካቆመ ሰንብቷል። ኖቱን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ሥራ ስትወጣ ፋርማሲ ልትሄድ አሰበች።

እኩለ ቀን ላይ የጋሼ መኪና ደጅ ቆመች። ሚስቱ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሯል።

"ለሁለት ቀን ነው። ቤቱን አደራ" አላት፣ ወደ ሐይቁ እያየ።

"ለሁለት ቀን ፍራሽ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ?"

መስኮቱን ዘግቶ ነዳ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ክፍል ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። "ዕቃችሁን ሸክፉ" አለቻቸው፤ "ዛሬውኑ ድንበር ተሻገሩ።"

በር ላይ የተገኘው ባለታክሲ ግን ራሱን ነቀነቀ። "በእኛ ብር ነዳጅ የሚሸጥልኝ የለም፣ እቴ። ምን ላድርግ?"

ሽማግሌው የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቅ ጀመር። ጣቱ አብጧል፤ ቀለበቱ አልወጣ አለው። እሷ ቆማ ስታይ ሌሊት የሚያፏጨው የልጇ ደረት ትዝ አላት። ቢሆንም አላስቻላትም፤ ኖቱን አውጥታ ለባለታክሲው ሰጠችው።

አሮጊቷ እጇን ያዘቻት። "ልጅሽስ?"

"ከደረሳችሁ መድኃኒቱን ላኩላት" ብላ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ታክሲዋ ከዓይን ስትሰወር የሆቴሉ ዘበኛ ጠጋ አላት።

"እህቴ፣ ሰዎች መጥተው ነበር። ስንት አልጋ አላችሁ አሉኝ።"

"ሊያርፉ ነው?"

"እንጃ። ሻንጣ የላቸውም። ባዶ ጋሪ ነው የያዙት።"

የግቢውን በር ሰንሰለት እንዲያጠብቅ ነገረችው። ልጇን ከቤት አምጥታ ፎቅ ላይ አስተኛቻት፤ ቁም ሣጥኑን ገፍታ በሩ ላይ ደገፈችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገና አልመሸም። ከገበያው በኩል የጋሪ ጎማ ኮረኮንቹን ሲመታ ይሰማል፤ አንድ ጋሪ ብቻ አልነበረም።