ለብ ያለው ፔርሙዝ

ኤውላሊያ ጎሮሲቶ ዕድሜዋን በሙሉ ባዝራ ስታዳቅል የኖረች ሴት ናት። በወጣትነቷ የአያኩቾ ከተማ ወንዶች ገበያ ላይ ሲያዩዋት «ድንጉላው መጣ!» እያሉ ያፌዙባት ነበር። እሷ መች አፍ አጥታ! «እናንተን ቢያቅታችሁ አይደል እኔ የተጠራሁት?» ትላቸዋለች። ኋላ ግን የሳቁባት ሁሉ ባዝራቸውን እየጎተቱ ደጇን ይጠኑ ጀመር።

ካየቻቸው ድንጉላዎች ሁሉ ነፍሷ የወደደችው የሽማግሌውን ፈረስ አርቢ፣ የዶን ሲክስቶን ድንጉላ ሉሴሮን ነው። አንድ ውርንጭላ እንኳ ሳያይ መብረቅ ሜዳ ላይ ጣለው። ደግነቱ ኤውላሊያ ዘሩን ቀድማ ተቀብላ በናይትሮጅን በርሜሏ ውስጥ አቀዝቅዛ አቆይታ ነበር። በየዓመቱ ተሞከረ፤ በየዓመቱ ከሸፈ። በመጨረሻ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ዘርና ፓሎማ የምትባል ያረጀች ባዝራ ቀሩ። ዘንድሮ ካልያዘች የሉሴሮ ነገር አበቃለት።

አንድ ቀን ጠዋት በዶን ሲክስቶ ጋጣ አልትራሳውንዱ የፓሎማ እንቁላል እንደ ወረደ አሳየ። ኤውላሊያ የፈረስ ገላ ያህል ብቻ የሞቀ ውሃ ለክታ በፔርሙዟ ሞላች፤ በረዶ የሆነው ዘር የሚቀልጠው በሱ ነው። ፔርሙዙን በሽማግሌው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትታ ባዝራዋን ልታጥብ ወጣች።

ተመልሳ አንዱን ቱቦ ከበርሜሉ በመቆንጠጫ አወጣችና ፔርሙዙ ውስጥ ጣል አድርጋ ከደነችው። ስትከፍተው እንፋሎት ፊቷን ገረፋት።

ክው አለች። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አየችው። እንደ ጉንዳን መተራመስ የነበረበት ዘር አንዱም አይንቀሳቀስም።

«ዶን ሲክስቶ! ይህን ውሃ ማን ነካው?»

ሽማግሌው ማቴ የሚሉትን ትኩስ የቅጠል ሻይ በመምጠጫ የሚስቡበትን ቅል ይዘው ብቅ አሉ። «እኔ ነኛ! ለብ ብሎ ባገኘው ደፋሁና ከጀበናው የፈላ ሞላሁልሽ። በኔ ቤት እንግዳ ለብ ያለ ማቴ ይጠጣል እንዴ፣ ልጄ?»

«ሉሴሮን ቀቀሉት!»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቅሉን ዘረጉላት። ኤውላሊያ ደሟ ፈልቷል፤ እንደገና ሳትለካ መክተቷ የራሷ ጥፋት መሆኑም ያንገበግባታል። አንዴ ሳበችና መለሰችላቸው።

«አመሰግናለሁ» አለች።

በዚያ አገር ቅል ሲመልሱ ማመስገን «በቃኝ፣ ከእርስዎ ጋር ከእንግዲህ አልጠጣም» ማለት ነው። ዶን ሲክስቶ ቅሉን አስቀምጠው ወደ በርሜሉ አዩ።

«ሌላኛውን ለሌላ ጊዜ ብናቆየውስ?»

«እንቁላሉ እኛን አይጠብቅም። ይውጡልኝ፤ ድስት እንኳ እንዳይነኩ!»

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። ኤውላሊያ ውሃውን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ መዳፏን በሱሪዋ ጠረገች። የመጨረሻውን ቱቦ ስትከት ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጠብታው በማይክሮስኮፑ ሥር ተተራመሰ። እየሮጠች ጋጣው ገባች፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰዳ ዘሩን ከማኅፀኑ ጥግ አደረሰች። ፓሎማ አንዴ እንኳ ብትራገጥ ያልቅ ነበር። አልተራገጠችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተያዩም። ኤውላሊያ ፓሎማን ልታይ ስትመጣ ዶን ሲክስቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጋጣው በር ላይ ቀሩ፤ ለመግባት ድፍረት አጡ።

«ባትይዝም ንገሪኝ።»

እሷ የአልትራሳውንዱ ማያ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ ጥቁር ክብ ነጥብ አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይዛለች፣ ዶን ሲክስቶ። ሉሴሮ ይኸው!»

ሽማግሌው ወደ ወጥ ቤት ተጣደፉና ማቴ ይዘው ተመለሱ። ኤውላሊያ ሳበችው። የጉድጓድ ውሃ ነው የሚመስለው፤ በረዶ! ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ ማሞቅ ፈርተው ኖሯል።

መምጠጫው እስኪንኮራኮር ድረስ ጨለጠችውና ቅሉን ዘረጋችላቸው። አላመሰገነችም።