እርድ፣ ሳሙናና የልጄ አንደበት

ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ያዘጋ ጊዜ ጊንጪ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ቤታችን አምቦ ነው። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ጠዋት ትወጣለች፤ እኔና የአራተኛ ክፍል ልጃችን ኩሽና እንውላለን።

ልጄ ትንተባተባለች። ሰው ሲያያት ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀርና ፊቷ ደም ይለብሳል። ኩሽና ውስጥ ግን እጇ ሥራ ሲይዝ ምላሷ ይፈታል። አንድ ቀን እርድ በውሃ በጥብጠን ነጭ ወረቀት ነከርንና አደረቅነው። ጣቷን የልብስ ሳሙና ውሃ ውስጥ አጥቅሳ ስሟን ስትጽፍበት ቢጫው ላይ ቀይ ፊደል ወጣ። ሎሚ ስታንጠባጥብበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ምክንያቱን ነገርኳት። እናቷ ከሥራ ስትመጣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አስረዳቻት፤ እናቷም ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ሰማቻት።

ትምህርት ተከፍቶ የሳይንስ ቀን ሲዘጋጅ ልጄ ጽፋ ያስገባችው ሙከራ ተመረጠ። ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ሊያስረዳ የወጣው ግን አንደበቱ የተፈታ የክፍሏ ልጅ ነበር። የእኔዋ ከጎኑ ሳህን ይዛ ቆማለች። "ከአባቴ ጋር ኩሽና ውስጥ ሞከርነው" ሲል እሷ የጻፈችውን ቃል በቃል እንዳስጠኑት ገባኝ። ወላጆች አጨበጨቡ። የምስክር ወረቀቱም በእሱ ስም ተሰጠ።

ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገባሁ። ለልጄ አስበው እንደሆነ፣ ሰው ፊት እንዳትሳቀቅ ብለው እንደሆነ በትሕትና አስረዳችኝ።

"እሷን ጠይቃችኋታል?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ተጠይቃ እስክትመልስ ማን ይጠብቃል?" አለችኝ።

ልጄን ይዤ ወጣሁ። በባጃጅ ወደ ቤት ስንሄድ "አባዬ፣ እ... እ... እሱ ጥሩ ተናገረ" አለች። ሙከራው የእሷ እንደሆነ ነገርኳት። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ኩሽና ስጠራት የቤት ሥራ አለብኝ ትል ጀመር። እኔም መጥራቱን ተውኩት። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። አብሮኝ ያስተምር የነበረ መምህሯ በፈተና ከክፍሉ አንደኛ እንደሆነች፣ ግን እጇን አውጥታ እንደማታውቅ ነግሮኛል።

ርዕሰ መምህርቷን አንዳንዴ ሚኒባስ ተራ አገኛታለሁ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ባለቤቴ ትጠይቀኛለች። ስለ ልጄ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።