እትዬ እድፍ እና የእናቴ ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶ መሃል ተወጥሮ የጠበቀኝ የትብለጥ ፊት ነው። ግድግዳ በሚያህል ባነር ላይ በወጣትነቷ ከጭነት መኪና ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ከራሷ በላይ «የሰፈራችን ካርኒቫል እናት» የሚል ተጽፏል። ቁርሴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ያን ፊት እያዩ እህል አይወርድም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ የተከራዬ ልጅ ህሊና እየዘለለች መጣች።

«እማማ ስንዱ፣ መቼም እርስዎ ቤት አሮጌ ጆንያ አይጠፋም። የዘንድሮዋ እትዬ እድፍ እኔ ነኝ!»

«ማን አደረገሽ?»

«ዕጣ ወጣልኝ! ስንቱ ሲመኛት የነበረ መሰለዎት?»

«ጆንያ የለኝም።»

«ውይ እማማ፣ ዛሬም ተቆጥተው ነው የተነሱት?» ብላኝ እየሳቀች ወደ ጎረቤት ሄደች።

ጆንያ አለኝ። ለዚህ ነገር ግን አልሰጥም።

ሰፈራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከጎንደር ከተማ ዳር፣ በአንድ የዘይት መጭመቂያ ዙሪያ የተሰባሰበ የሠራተኛ ሰፈር ነው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ መንገድ ተዘግቶ ይጨፈራል። እኛ ሰልፍ ነበር የምንለው፤ ካርኒቫል የሚለው ስም የቅርብ ነው። ከፊት ያጌጠ መኪና ይሄዳል። ከኋላው ጆንያ የለበሰች፣ ጥላሸት የተቀባች ሴት ትከተላለች። እትዬ እድፍ የሚሏት እሷን ነው። ሴቶች በመጥረጊያ ያባርሯታል፣ ከግራና ከቀኝ የቆመው ሕዝብ ደግሞ ፋጉሎ ይወረውርባታል። ፋጉሎ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሰር ነው፤ የከብት መኖ። እሷን በዚህ ሲደበድቡ ሰፈሩ ከዓመቱ ቆሻሻ ጸዳ ይባላል። እንግዶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ትብለጥ ባለፈው ዓመት ማይክሮፎን ይዛ «በፍቅር የጀመርነው ጨዋታ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

የመጀመሪያዋ እትዬ እድፍ እኔ ነበርኩ። ፍቅር አላየሁበትም።

ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር የመጣሁት እናቴ በሞተች ማግሥት ነው፤ ያረፍኩትም አክስቴ ቤት። መጭመቂያው ገብቼ ኑግ አበጥር ጀመር። ቀኑን ሙሉ ወንፊት ስነቀንቅ ውዬ አፍንጫዬን ስናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነው። ፀጉሬ፣ ትራሴ፣ የምበላው እንጀራ ሳይቀር ዘይት ዘይት ይለኛል። ቢሆንም ሥራው የራሴ ነበር፤ ማንም ቀስቅሶ አያዘኝም። አባቴ ግን አገር ቤት ለአንድ ሰው ሊድረኝ ሽማግሌ ተቀብሎ ነበር። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእኔ የሚበልጡ ልጆች ያሉት ነው። እምቢ አልኩ። አባቴ በአንድ እህል ነጋዴ በኩል እንዲህ ሲል ላከብኝ፦ «ለሰልፉ እመጣለሁ። በሰው ፊት ተከብረሽ ካየሁሽ ሽማግሎቹን እመልሳቸዋለሁ። ተዋርደሽ ካገኘሁሽ ግን በማግሥቱ በጠዋቱ መኪና ይዤሽ እመለሳለሁ።»

አልፈራሁም። ካቦው ይግዛው፣ የክፍላችን አለቃ፣ መኪናው ላይ የምትቆመው ስንዱ ናት ብሎ ወስኖ ነበር። የመረጠኝ ጥልፍ ቀሚስ ስላለኝ ነው። ቀሚሱ የእናቴ የሠርግ ቀሚስ ነው። አባቴ ራሱ ቁስቋም ሥር ካለ ጥልፍ ሠሪ ዘንድ ተመላልሶ ያሠራላት ስለሆነ ከገበያ መሃል ይለየዋል። አባቴ ከሩቅ የሰው ፊት አይለይም ነበር። ስለዚህ «የእናቴን ቀሚስ ለብሼ መኪናው ላይ እቆማለሁ፤ በእሱ እወቁኝ» ብዬ በዚያው ነጋዴ መልሼ ላክሁ።

የሰልፉ ቀን ደረሰ። ፀሐዩ ከማለዳው ይፋጃል፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከየቤቱ የጠላና የጥብስ ሽታ ይመጣል። ቀሚሱን በነጠላ ጠቅልዬ ግቢ ስገባ ይግዛው ጠራኝ።

«ስንዱ፣ መኪናው ላይ ትብለጥ ትውጣ።»

«ምነው ጋሼ? ምን አጠፋሁ?»

«ፊትሽ አይስቅም። እንግዳ ይመጣል፤ ለቅሶ ቤት ታስመስይብናለሽ።»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ትብለጥ የሚስቱ እህት መሆኗን ከእነዚያ መሃል የማያውቅ አልነበረም፤ ሳቁ ግን። ትብለጥ ጥቅሉን ከብብቴ ስትስብ እጇን ያዝኩ።

«አባቴ ከድብ ባሕር ይመጣል፤ የሚያውቀኝ በዚህ ቀሚስ ነው። እባክሽ ትብለጥ።»

«ለአንድ ቀን ነው እኮ፣ አትሰስቺ! አልበላው!»

ይግዛው ለእኔ ሌላ ነገር አስቦልኝ ነበር። ከማዕዘኑ ጆንያ አንስቶ ወረወረልኝ። «አንቺ እትዬ እድፍ ሁኚ፤ ከመኪናው ኋላ ትከተያለሽ፣ ሰው ፋጉሎ እየወረወረብሽ ይሳቅ። ለዚህኛው መሳቅ አያስፈልግም። እምቢ ካልሽ ሰኞ በሩ ላይ እንዳላይሽ።»

መጭመቂያው በር ላይ ካልታየሁ የምገኘው ድብ ባሕር ነው። ጆንያውን ለበስኩ።

የማሞቂያውን ጥላሸት በዘይት ዝቃጭ ለውሰው ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ቀቡኝ። ዝቃጩ በርሜል ሥር የከረመ ነው፤ የሻገተ ቅቤ ይሸታል። አንዷ ሆን ብላ ከንፈሬ ላይ ደገመችበት። ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ሥር አለ። ከዚያ ወዲህ በጾም እንኳ የኑግ ዘይት ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ሰልፉ ወጣ። ዘይቱ በፀሐይ ግሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ እርጥቡ ፋጉሎ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል፣ ዝንብ ይከተለኛል። መጋዘኑ አጥር ጋ ስንደርስ አባቴን አየሁት። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ በዱላው ወደ መኪናው ይጠቁማል። «ያቻት ልጄ ናት! የእናቷን ቀሚስ አታዩልኝም?» ይላል ላገኘው ሁሉ። ትብለጥም ከላይ ሆና እጇን አውለበለበችለት። ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ጠዋት ነግሬያታለሁ።

መኪናው አለፈና የእኔ ተራ ደረሰ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ደረቅ ፋጉሎ አነሳ። ልነካው በምችልበት ርቀት ላይ ነበርኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አባዬ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የጠዋቱ መኪና ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ወረወረና ግንባሬን አገኘኝ። ደረቅ ፋጉሎ ከድንጋይ አይተናነስም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ታጥቤ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ አክስቴ ቤት ገባሁ። አባቴ ብርሌ ይዞ ተቀምጧል።

«ሸጋ ነው ልጄ፣ ሸጋ ነው! ሽማግሎቹን እመልሳቸዋለሁ። ምነው ቀሚሱን ቶሎ አወለቅሽው?»

«እንዳይቆሽሽ ብዬ።»

«ያችን ከኋላ የምትመጣዋን ጉድ አየሻት? እኔም አንድ ጣልኩባት፤ ግንባሯን አልሳትኩትም። ለላም የሚሆን መኖ ሲያባክኑ ሆዴን ቢበላኝም ሳቄ አሸነፈኝ። የማን ልጅ ትሆን?»

«እንጃ» አልኩ።

ሽማግሎቹን መለሰልኝ። በመጭመቂያው ኖርኩ፣ ይህን ቤት ሠራሁ። የፈለግሁትን ያገኘሁት ትብለጥ እኔን መስላ በመቆሟ መሆኑ ነው የሚያቅለሸልሸኝ። ቀሚሱን በማግሥቱ ከጥልፉ ላይ የዘይት እድፍ ጨምራ መለሰችልኝ። «ታጥቦ ይለቃል» አለች። አልለቀቀም። አምና በዚያው ማይክሮፎን ደግሞ «ያ ቀሚስ የእናቴ ነበር» ብላ እንባዋን ስትጠርግ ሰው አጨበጨበላት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ዘፈኑ ቆመና ህሊና ዘይትና ጥላሸት እያንጠባጠበች ግቢ ገባች። ሽታው ቀድሟት ደረሰ። ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ስትል አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወጣሁ፤ በጣሳ ውሃ አፈስላት ጀመር።

«አባትሽ ነበረ?» አልኳት።

«ነበረ እንጂ! ወርውሮብኝ ሲያበቃ ‹ልጄ ናት! ልጄ ናት!› እያለ መንገዱን አላስቀመጠውም። ትንሽ እንኳ አያፍርም!»

«እንዲህ ተለቅልቀሽ እንዴት አወቀሽ?»

«እንዴት አያውቀኝም እማማ? አባቴ እኮ ነው!»

ጣሳው ባዶ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ትብለጥን ስጠላ ኖሬያለሁ፤ ይግዛውንም፣ የሳቁትንም። አባቴን ግን ዓይኑ ደካማ ነበር እያልኩ ከሁሉም ለይቼ አስቀመጥኩት። ደካማ የነበረው ለሩቅ ነው። ቤታችን መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልን እሱ ነበር።

የህሊናን ፀጉር ወደ ኋላ ገፍቼ ግንባሯን አየሁ። ምንም የለበትም።

«ምን እየፈለጉ ነው እማማ?»

«ምንም» አልኳት። «ጎንበስ በይ፣ አልጸዳሽም።»