የሽመል ግድግዳው ጎረቤቴ

ፊቱን ከማየቴ በፊት ድምፁን ጠላሁት። ያላዩትን ሰው ለመጥላት ጆሮ ይበቃል።

ሸሕዲ ውስጥ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ባልቴት ጓሯቸው ውስጥ ያሠሯቸው አራት ክፍሎች ነበሩ። ጣሪያው ሣር፣ የውጭው ግድግዳ ጭቃ ነው። ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግን የተደረደረ የቀርከሃ ሽመል ብቻ ነው፤ እርሱም ጣሪያው ድረስ አይደርስም። አንዱ ሲያስነጥስ ከማዶ ያለው «ይማርህ» ይላል። ሦስቱን ክፍል ከየገጠሩ የመጣን ተማሪዎች ይዘነዋል። አባትና እናቴ መተማ ዮሐንስ አጠገብ ማሽላና ጥጥ ያርሱ ነበር፤ የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል ስለማያልፍ አንድ በገመድ የተጠለፈ አንገረብ አልጋ፣ አንድ ፋኖስና አንድ ከረጢት ማሽላ አስይዘው ላኩኝ። አራተኛውን ክፍል ባልቴቷ በመኸር ወራት ለቀን ሠራተኞች ያከራዩታል።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍልን እየደገምሁ ነበር። ክፍል ደግሞ የወደቀ ተማሪ ይሰናበታል፤ ዕድሜዬም ዐሥራ ስምንት ሞልቷል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ ደብተር ያልያዘ ጎረምሳ የቀበሌ ሲሳይ ነው። ከመንደራችን የተወሰዱት ሁለት ልጆች እንደ ወጡ ቀርተዋል፤ የአንደኛውን እናት ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። በጥር የሚሰጠውን የመንፈቅ ዓመት ፈተና ካለፍሁ በትምህርቴ እቀጥላለሁ፤ ከወደቅሁ ወደ ጦር ሜዳ እሄዳለሁ። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነበር።

ኅዳር ላይ ሦስት ጎጃሜዎች ገቡ። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ የማሽላ ቆረጣውና የጥጥ ለቀማው የቀራቸው ናቸው። ሁለቱ ዝምተኞች ነበሩ፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ድርሻ ወስዶ ይናገራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማሳ ይመለሱና ገና በሩን ሳይከፍት ይጀምራል። የዋለበትን ይተርካል፣ አሠሪውን እያስመሰለ ያስቃል፣ ይፎክራል። ራሱ ሲስቅ ሽመሉን በመዳፉ ይደልቀዋል፣ አቧራው በእኔ በኩል ደብተሬ ላይ ይራገፋል። ንጋት ላይ ደግሞ ማጭዱን እየሳለ ያንጎራጉራል። እኔ «ኦክስጅን» ብዬ ስጀምር እርሱ «በሬዬ» ይለኛል።

ሳልፈልግ ታሪኩን ሁሉ አወቅሁት። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ሞቶበታል፤ የቆላውን ወባና ጊንጥ ችሎ የወረደው ምትኩን ለመግዛት ነው። ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ወንድ ትውለድ ሴት አያውቅም። ስለ በሬው ሲያወራ ይጮሃል፤ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ንባቤን ትቼ ጆሮዬን ወደ ሽመሉ አስጠጋ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንድ ምሽት ቱግ አልሁና በራቸውን መታሁ።

«አያ፣ ኧረ በፈጠረህ! ፈተና አለብኝ እኮ!»

አጎንብሶ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ዐይኑ በወባ የጎደጎደ። እንደዚያ የሚያስጮኸው ደረት የት እንዳለ እንጃ።

«ምነውሳ የኔ ወንድም፣ አንተን ነው የምረብሽ?» ብሎ ከልቡ ደነገጠ። «እኛ አገር እኮ ቤትና ቤትን የሚለየው ገደል ነው። ጎረቤትህን እሳት ስትለምን እንኳ አፋፍ ላይ ቆመህ ካልተጣራህ የሚሰማህ የለም። ጉሮሮየ እንደዚያ ለምዶ ነው። ከእንግዲህ ብጮህ ጅብ ይብላኝ።»

ያን ማታ በሹክሹክታ አወሩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ረሳው፤ ጅቡም አልበላውም።

ባልቴቷን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ከተከራይ አልጣላም፤ ከባሰብህ ለቀበሌ አመልክት» አሉኝ። የሦስቱ ክፍል ተማሪዎች መከርንና ማመልከቻ ጻፍን፤ ጽሕፈቱ ያምራል ስለምባል ብዕሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አነበበና ሳቀብን።

«ጠረፉ ላይ ስንት ጉድ እያለ እናንተ ስለ ሠራተኛ ፉከራ ትጽፋላችሁ? ሂዱ፣ አጥኑ!»

እልኸኛ ነኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሁለተኛውን ማመልከቻ ብቻዬን ተቀምጬ ጻፍሁት። በፖለቲካ ውይይት ሰዓት ስንሰማው የኖርነውን ቋንቋ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ቃል ሲገባ የቀበሌ ሰው ከወንበሩ እንደሚነሣም አውቃለሁ። «ማንነታቸው ያልተጣራ ጸጉረ ልውጦች» ብዬ ጀመርሁ። «አካባቢው ለጠረፍ ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ» አልሁ። «በየምሽቱ እየተሰበሰቡ ምን እንደሚመክሩ ለሰፊው ሕዝብ ግልጽ አይደለም» አልሁ። ለእኔ ግን ግልጽ ነበር፤ የሚመክሩት ስለ በሬ ነው። ከግርጌው መፈክሩን አስገባሁና ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው። ሳቁ፣ «አንተ ሰይጣን!» አሉኝ፣ ፈረሙ። ቀበሌው ጠርቶ ይገሥጻቸዋል፣ ቢበዛ ቤት ያስቀይራቸዋል ብለን ነበር። ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔ ገደሉንማ አሳምሬ አይቼዋለሁ፣ ከእርሱ ስሸሽ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት። ስሸሽ ሌላውን ገፍቼ እንደምጥል ነው ያላሰብሁት።

ቀበሌው ለውትድርና ከተጠየቀው ሰው ጎድሎበት እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ግቢው ገቡ። ጎጃሜዎቹ ከሥራ ያረፉበት ቀን ነበር። እርሱ ሸሚዙን አጥቦ ገመድ ላይ እያሰጣ ነው፤ እኔ ደጃፌ ላይ ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁ። መታወቂያ አምጡ ተባሉ። ሁለቱ ጓደኞቹ ምንም አልነበራቸውም። እርሱ ግን ሮጦ ገባና በጨርቅ የተጠቀለለች ወረቀት ይዞ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበሩ ለመንገድ የሰጠው ደብዳቤ ነው። አለቃቸው ገለጠና አገላበጠው።

«ይኸ ምኑ ይነበባል?»

«ይኸ ተማሪ ያንብብልህ» አለ እርሱ፣ በዚያ በሚጠላ ድምፁ፣ በእጁ እኔን እያሳየ። «ፊደል ያውቃል። ጎረቤቴ ነው፣ ያውቀኛል።»

ወረቀቷን ሰጡኝ። በሦስት ወር ላብ እየራሰች እየደረቀች እንደ ቆዳ ሆናለች፤ ቀለሙ ፈስሷል። ግን ማኅተሙ ክብ ሆኖ ይታያል። «የማኅበራችን አባል» የሚለው አለ። ዐይኑን ጠበብ ላደረገ ሰው ስሙም የአባቱ ስምም ይነበባል። ቀና ስል አለቃቸው በሌላ እጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ የገዛ ጽሕፈቴን አወቅሁት። ይነበባል ብል፣ «ታዲያ ጸጉረ ልውጥ ያልኸው ማንን ነው?» ይለኛል። ቁመቴን በዐይኑ የለካኝ መሰለኝ። ምናልባት አልለካኝም ይሆናል።

«አይነበብም» አልሁ።

«እስቲ ደግመህ እየው የኔ ወንድም፤ ፀሐዩ ላይ አድርገህ» አለኝ። ስለ ሚስቱ ሲያወራ በሚያወጣው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

ፀሐዩ ላይ አድርጌ አየሁት። ከበፊቱ ይበልጥ ይነበብ ነበር።

«አይነበብም።»

አልተቆጣኝም። ፊደል የሚያውቅ ሰው እያየ ይዋሻል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። «ላቤ ነው ያጠፋው» ብሎ ለጠባቂዎቹ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሦስቱንም ከፊት አስቀድመው ነዷቸው። ሸሚዙ ገመዱ ላይ ቀረ፤ ማምሻውን ባልቴቷ አነሡት።

በማግስቱ ቀበሌው በር ድረስ ሄጄ ነበር። «ተሳስቻለሁ፤ ወረቀቱ ይነበባል» የሚለውን መንገድ ሙሉ ስለማመደው ነበር። ቆሜ፣ ቆሜ ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ተወሰዱ ሲባል ሰማሁ፤ ውስጤ የተሰማኝን ልናገር ካልሁ፣ ያኔ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከእንግዲህ ቀበሌ መሄድ አያስፈልገኝማ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፣ ማንበብ አቃተኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ውሸት ይሆንብኛል። በደንብ ተኛሁ፣ በደንብ አነበብሁ። ፈተናውን አለፍሁ፤ ከክፍሉ አራተኛ ወጣሁ። አባቴ ሰምቶ አንድ ፍየል አረደልኝ፣ እኔም በላሁ። ሕመሙ የመጣብኝ ቆይቶ ነው፤ ከመጣም በኋላ አልሄደም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ምድሩ እንደ ምጣድ በሚግልበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ባልቴቷ ዘንድ ተቀምጣ አገኘሁ። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል።

«ይኸውልሽ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የነበረው ይኸ ተማሪ ነው» አሏት ባልቴቷ። «የዚያ የጎጃሜው ሚስት ናት» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። እርሳቸው የሚያውቁትን ነግረዋት ጨርሰዋል።

ተነሥታ ሰላም አለችኝ። ከአገራቸው ሌሎች ሠራተኞች ተመልሰው ባሏ መወሰዱን ነግረዋታል፤ እርሷ ግን ምክንያቱን ለማወቅ ነው የመጣችው።

«ሰው ጋር ተጣልቶ ነው፣ ወንድሜ? ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም አላጠፋም። ወረቀቱ... ወረቀቱ አልነበብ ብሎ ነው» አልኋት።

«እኔ ፊት እኮ ነው የተጻፈለት። ጸሐፊው አሳምሮ ነበር የጻፈው» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

ይኖርበት የነበረውን ክፍል ላሳያት ለመነችኝ። ባዶ ነበር። ገብታ ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ ሽመሉን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ በክፍተቱ የእኔ አንገረብና ደብተሮቼ ይታያሉ። ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፤ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከአባቷ የተወረሰ ነው። እናቷ እሹሩሩ እያለች ከሽመሉ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሽመሉ ተመለከተች።

«ይች ናት የጋረደቻችሁ?» አለችኝ። «እንግዲያማ መከራህን አይተሃል። እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲያወራ ሰፈር ይነቃነቃል። አንተ ደግሞ ተማሪ ነህ።» ሕፃኗን ወደ ደረቷ አዞረችና ጎንበስ አለችልኝ። «እርሱ መጥቶ በአፉ እስኪልህ ድረስ፣ ስላስቸገረህ ሁሉ ይቅር በለን።»

ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንገቷን እንደ ደፋች መልሴን ትጠብቃለች። የምትጠብቀውን መልስ ሰጠኋት።

«ይቅር ለእግዜር» አልኋት።